«እጄ እርጥብ ነው»፦ የጽዳት ሥራ ጥበብ የሆነበት ታሪክና የኛ እናቶች

የመጀመሪያ ዲግሪዬን በጀመርኩበት ዓመት፣ አንድ ቀን ጠዋት ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በኮሪደሩ ስንሄድ፣ አንዲት የሰፈራችን እናት ወለል ሲወለውሉ አገኘኋቸው። ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ ቤታቸው እንጀራ በልቻለሁ። እንዳዩኝ ፊታቸው በራ። መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና «እጄ እርጥብ ነው ልጄ» ብለው የእጃቸውን አንጓ ዘረጉልኝ። ነገሩን ከቤት ታውቁታላችሁ፤ እጁ እርጥብ የሆነ ሰው መዳፉን ሰብስቦ አንጓውን ይሰጣል፣ ሰላም ባዩም አንጓውን ይጨብጣል። እኔ ግን አልጨበጥኩም። አንገቴን ነቅነቅ አድርጌ «ቦከር ቶቭ» ብዬ አለፍኩ። ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ «ከሰፈር ነው የማውቃቸው» አልኩ፤ ወሬውንም ቀየርኩ።

ያፈርኩት በእሳቸው ነበር ወይስ በሥራቸው? ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለግ የጀመርኩት ከዓመታት በኋላ፣ ማስተርሴን ስማር ነው። የዘመናችንን ጥበብ ታሪክ በምንማርበት ኮርስ ላይ የአንዲት ሴት ፎቶግራፍ ታየ። ሴትዮዋ የቆሻሻ መኪና አጠገብ ቆማ የአንድ የጽዳት ሠራተኛ እጅ ትጨብጣለች። ሥራው ይኸው ነው፤ መጨበጥ። እኔም ያ ጠዋት ትዝ አለኝ።

ሴትዮዋ ሚርል ላደርማን ዩከሊስ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1939 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ በአንድ ረቢ ቤት ተወለደች (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1968 የመጀመሪያ ልጇን እስክትወልድ ድረስ ራሷን የምታየው ነፃ እንደሆነች የጥበብ ሰው ነበር። ከወለደች በኋላ ግን ቀኑ ዳይፐር በመቀየር፣ በማጠብ፣ በማብሰል ያልቃል፤ ማታ የጠዳው ጠዋት ይቆሽሻል። የሳምንቱን ግማሽ እናት፣ ግማሹን አርቲስት ሆና ኖረች። በ1969 ንዴቷን ይዛ ቁጭ አለችና አንድ ማኒፌስቶ ጻፈች።

የማኒፌስቶው ሐሳብ ቀላል ነው። በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ሥራ አለ። አንዱ አዲስ ነገር መፍጠር ነው፤ እሱ ይመሰገናል፣ ስም ይሰጠዋል፣ ሙዚየም ይገባል። ሌላው የተፈጠረው ነገር እንዳይበላሽ መጠበቅ ነው፤ መጥረግ፣ ማጠብ፣ መመገብ፣ መጠገን። ያለ ሁለተኛው የመጀመሪያው አንድ ሳምንት አይቆይም፤ ግን ክፍያው ትንሽ ነው፣ ወይም ጭራሽ የለም። እንግዲያው እኔ አርቲስት ከሆንኩ፣ ይህን የእንክብካቤ ሥራዬን ራሱን ጥበብ ብዬ እጠራዋለሁ አለች።

በጁላይ 1973 ሐሳቧን በሰው ፊት ሞከረችው። በኮኔቲከት ግዛት፣ ሃርትፎርድ ከተማ በሚገኘው ዋድስወርዝ አቴኒየም ሙዚየም የደጁን ደረጃና የውስጡን ወለል ለሰዓታት ተንበርክካ አጠበች። ጎብኚዎች ሲረግጡት እንደገና ታጥባለች። እዚያው ሙዚየም ሌላም ነገር አደረገች። አንድ የግብፅ ሙሚ የተቀመጠበት የመስታወት ሣጥን ነበር፤ በየጊዜው የሚወለውለው የጽዳት ሠራተኛ ነው። ዩከሊስ ሣጥኑን ራሷ ወለወለችና መወልወሏ የጥበብ ሥራ ነው ተባለ። የጥበብ ሥራ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በኋላ ሊነካው የሚፈቀድለት የሙዚየሙ የቅርስ ጥገና ባለሙያ ብቻ ሆነ። ልብ በሉ፤ መስታወቱ ያው ነው፣ ጨርቁም ያው ነው። የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው። ስሙ ሲለወጥ ግን የሚሠራው ሰው ማዕረግም አብሮ ተለወጠ።

በ1976 ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሕንፃ ከሚሠሩ 300 የጽዳትና የጥገና ሠራተኞች ጋር ሠራች። በቀን አንድ ሰዓት ሥራቸውን እንደ ጥበብ እንዲያስቡት ጠየቀቻቸው፤ እየዞረች ፎቶ አነሳቻቸው፣ ያኔ የሚሠሩት ሥራ ነው ወይስ ጥበብ ብላም ጠየቀቻቸው። መልሱን የሚወስኑት እነሱ ነበሩ። አንድ የጋዜጣ ሐያሲ እንደ ቀልድ፣ እንዲህ ከሆነማ የከተማው ጽዳት መሥሪያ ቤትም ሥራዬ ጥበብ ነው ብሎ ለጥበብ የሚሰጠውን ገንዘብ ይጠይቅ ብሎ ጻፈ። ከተማዋ በ1975 ልትከስር ደርሳ ብዙ ሠራተኞች ያባረረችበት ጊዜ ስለነበር ቀልዱ የሚያስቅም የሚያምም ነበር። ዩከሊስ ቀልዱን አክብዳ ወሰደችው፤ ጽሑፉን ለመሥሪያ ቤቱ ላከች። መሥሪያ ቤቱም ጠራት። በ1977 ያለ ደመወዝ የመሥሪያ ቤቱ አርቲስት ሆነች።

ከዚያም ከጁላይ 1979 እስከ ጁን 1980፣ በ59ኙም የከተማዋ የጽዳት ቀጠናዎች ዞራ 8,500 የጽዳት ሠራተኞችን አንድ በአንድ ጨበጠች። ለእያንዳንዱ ኒው ዮርክን በሕይወት ስላቆየህልን አመሰግናለሁ አለችው። በሌሊትም በቀንም ፈረቃ አብራቸው ዋለች፣ ታሪካቸውን ሰማች።

ከሰማቻቸው ታሪኮች አንዱ ከልቤ አይወጣም። አንድ ሠራተኛ እንደነገራት፣ ከዓመታት በፊት በከባድ ሙቀት እሱና ጓደኛው ሲደክማቸው አንድ ቤት ደረጃ ላይ አረፍ አሉ። የቤቱ ባለቤት ወጥታ፣ እናንተ የምትሸቱ፣ ደጄን አታግሙብኝ ብላ አስነሳቻቸው። ሰውየው ያንን አልረሳም። በ1984 ዩከሊስ ይህን ታሪክ ወደ አደባባይ አመጣችው። ሠራተኞቹ የተሰደቡባቸውን ስሞች በመስታወት ላይ ጻፈች፤ ከዚያ ከልዩ ልዩ የሕይወት መስክ የተጋበዙ ሰዎች መጥተው ስድቦቹን በእጃቸው አጠቡ። ማለትም፣ ስድቡን የማጽዳት ሥራ ለተሰዳቢው አልተተወም።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ ልመለስ፤ ምክንያቱም ስድቡም መንካትና አለመንካቱም ለኛ እንግዳ አይደሉም።

ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ ርስታቸውን ካጡ በኋላ ብዙዎቹ የኖሩት በእጅ ሥራ ነው። ወንዶቹ ብረት ቀጥቅጠው ማረሻና ማጭድ ያወጣሉ፣ ይሸምናሉ፤ በጎንደር ዘመን ግንበኞችና አናጢዎችም ነበሩ። ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። ጎረቤቱ ያለ ማረሻው አያርስም፣ ያለ ምጣዱ እንጀራ አይጋግርም። ሆኖም ማረሻውንና ምጣዱን የሠራውን ሰው «ቡዳ» ይለዋል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ብሎ ይፈራዋል። ይህ ንቀት ሌሎችንም ባለ እጆች የነካ ስለነበር ዓጼ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን በመንደሩ ቀረ። አያቶቻችን ሰምተውታል።

ከሌላው ወገን ደግሞ ቤተ እስራኤል የራሳቸው ሕግ ነበራቸው፤ ከሌላ እምነት ሰው ጋር የተነካካ ሰው ወንዝ ወርዶ ይታጠባል። ጎረቤቶቻቸው ይህን ልማድ «አትንኩኝ» ይሉት ነበር። ሁለቱን አንድ አድርጌ ማየት አልፈልግም። አንዱ የራስን እምነትና ማንነት መጠበቂያ አጥር ነው፤ ሌላው የሰውን ሥራ የሰውየው እርግማን ማድረግ ነው። ግን ሁለቱም አንድ ነገር ያስተምሩናል፦ እጅ መስጠትና መንሳት ተራ ነገር ሆኖ አያውቅም። ማን ማንን እንደሚነካ የማኅበረሰብ ሥርዓት ነው።

ታዲያ እዚህ አገር ስንመጣ ምን ሆነ? ማረሻው ቀረ፣ ምጣዱም ኤሌክትሪክ ሆነ። ከእናቶቻችን ብዙዎቹ ኒቃዮን ገቡ። ዛሬ የእናቶቻችን ሸክላ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ሲቀመጥ «የቤተ እስራኤል ጥበብ» ይባላል፤ ደስ ይለኛል። ግን የሃርትፎርዱን ሣጥን አስታውሱ። ያንን መስታወት ጠዋት የሚወለውለው ማን ነው? ምናልባት ሸክላውን በልጅነቷ መሥራት የተማረች ሴት ናት። በመስታወቱ ውስጥ ያለው የእጇ ሥራ ይከበራል፤ በመስታወቱ ላይ ያለው የእጇ ሥራ ግን አይታይም።

እዚህ ላይ አንድ ጓደኛዬ ሞገተችኝ። «መጨበጥ ደመወዝ አይጨምርም» አለችኝ። ልክ ናት። በ2020 በኮሮና ጊዜ ዩከሊስ ለአገልግሎት ሠራተኞች የምስጋና መልእክት በኩዊንስ ሙዚየም ፊትና በኒው ዮርክ አደባባይ አሳይታለች፤ ምስጋናው ግን የማንንም ኪራይ አልከፈለም። በእስራኤልም የቀብላን ሠራተኞችን ኑሮ የነካው ትግል ነው። በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ከጽዳት ሠራተኞች ጎን ቆመዋል። በፌብሩዋሪ 2012 ሂስታድሩት በቀብላን ሠራተኞች ጉዳይ አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ አድርጎ አንዳንድ ማሻሻያ መጣ፤ የቀብላን አሠራሩ ግን አልቀረም።

እኔ ግን ሁለቱን አልለያያቸውም። በኮሪደር ሰላም ብዬው የማላውቀውን ሰው፣ መብቱ ሲነካ እንዴት አያለሁ? የማይታይ ሰው ደመወዙ ሲቆረጥም አይታይም። የዩከሊስ ጥበብ ትልቁ ነገር መጨበጡ ብቻ አይደለም፤ አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ሠራተኞቹ ሄዳ፣ ስማቸውን ጠይቃ፣ የሚሉትን መስማቷ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የኛ ነው፦ የት ቁጭ ብለው ይበላሉ? የጡረታ ገንዘባቸው በትክክል ይገባል? የደመወዝ ወረቀታቸው በዕብራይስጥ ሲመጣ ማን ያነብላቸዋል? ዕብራይስጥ እናነባለን፣ ሕጉንም መፈለግ እንችላለን። ይህ ከኛ ትውልድ እጅ የሚወጣ ሥራ ነው።

ባለፈው የሲግድ በዓል ወደዚያች የሰፈራችን እናት ሄጄ ያንን ጠዋት አነሳሁባቸው። ያስታውሱታል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። «አስታውሳለሁ እንጂ» አሉኝ። «ወለሉ ገና አልደረቀም ነበር። ቸኩለሽ ስትሄጂ አድጧት ትወድቃለች ብዬ ፈርቼ፣ እስክትታጠፊ ድረስ ቆሜ ሳይሽ ነበር።»

ወጥ እየሠሩ ስለነበር እጃቸው ያን ቀንም እርጥብ ነበር። አንጓቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ።