የአደባባይ ዕድሜ፤ ከጎሬ እስከ መስቀል አደባባይ

በከተማ መሐል ያለ የሕዝብ ሜዳ ሲያረጅ ምን ይደረግበት? ጥያቄው በትልልቅ ከተሞች ብቻ የሚነሣ አይደለም። በዳሪሙም ሆነ በሌሎች የኢሉባቦር ከተሞች፣ ከተማ ሲሰፋ ቀድሞ ዳር የነበረው የገበያ ሜዳ መሐል ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ ሦስት ዓይነት ሐሳብ መቅረቡ የተለመደ ነው። አንዱ ገበያው ወደ ዳር ወጥቶ ቦታው ለሕንፃ ይሰጥ ይላል። ሌላው የመኪና መናኸሪያ እንዲሆን ይሻል። ሦስተኛው ደግሞ አጥር ተሠርቶለትና አበባ ተተክሎበት መናፈሻ ቢሆን ይመርጣል። እኛ መሐንዲሶች ብዙውን ጊዜ የምንጠራው ውሳኔው ካለቀ በኋላ፣ ፕላን ለማንሣትና ሒሳብ ለመሥራት ነው። ይሁን እንጂ በጉዳዩ ላይ የአገራችን ታሪክ የሚሰጠው ትምህርት ስላለ፣ ከውሳኔው በፊት እርሱን መመርመር ይገባል።

ከቅርቡ እንጀምር። የኢሉባቦር ገዥ የነበሩት የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ ጎሬ ነበረች። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል መሠረት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ የምዕራቡ ቡና በበቅሎና በሸክም ወደ ባሮ ወንዝ ይወርድ፣ ወንዙ በሚሞላበት ወራትም በእንፋሎት ጀልባ ወደ ሱዳን ይጓዝ ነበር። ጎሬ የዚህ ንግድ አንዷ ማዕከል ስለነበረች ነጋዴ ይጎርፍባት፣ የውጭ አገር ቆንስልም ይቀመጥባት ነበር። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ከወጡ በኋላ የኢትዮጵያ ጊዜያዊ መንግሥት መቀመጫ የሆነችውም ይህችው ከተማ ናት፤ የጠላት ጦር የያዛት በኅዳር ወር 1929 ዓ.ም. ነው።

ከነጻነት በኋላ ግን ቡናው በመኪና መንገድ በበደሌና በጅማ በኩል ወደ አዲስ አበባ መጓዝን መረጠ፤ የባሮ መስመርም ቀዘቀዘ። የአስተዳደር ዋና ከተማነቱም ቆይቶ ወደ መቱ ተዛወረ። በጎሬ መሐል የደረሰ እሳት ወይም የምድር መንቀጥቀጥ አልነበረም። የተለወጠው ሰው ወደዚያ የሚሄድበት ምክንያት ነው። ከዚህ የምንማረው፣ አደባባይ የሚያረጀው ድንጋዩ ሲሰነጠቅ ሳይሆን መምጫ ምክንያቱ ሲጎድል መሆኑን ነው።

በጎሬ ምክንያቱ በራሱ ጊዜ ሄደ። ምክንያቱ በትእዛዝ ሲወሰድ ምን እንደሚሆን ለማየት ደግሞ ወደ መዲናይቱ እንለፍ። በአዲስ አበባ ዋናው ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ በአራዳ ይቆም ነበር። በዚያ ሜዳ እህልና ጨርቅ ይሸጥበታል፤ አዋጅ በነጋሪት ይነገርበታል፤ ሞት የተፈረደበትም በሕዝብ ፊት ይቀጣበታል። ገበያ፣ ሸንጎና የዜና ማሰራጫ በአንድ ቦታ ነበሩ ማለት ይቻላል። በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ዋዜማ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በአቅራቢያው መቆሙም በአጋጣሚ አልነበረም።

ፋሺስት ኢጣሊያ ከተማይቱን እንደያዘ ሐውልቱን አነሣው። ነጩን ከጥቁሩ ለይቶ ለማስፈር ባወጣው ፕላን መሠረትም የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው። ሐውልቱ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆመ፤ ገበያው ግን አልተመለሰም። መርካቶ በዚያው ቀረ፤ አድጎም የአገሪቱ ታላቅ ገበያ ሆነ። እዚህ ላይ ፍትሐዊ ሆኖ መፍረድ ያስፈልጋል። አራዳ ለሚያድግ ከተማ ገበያ እንደሚጠብብ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ገበያ ማዛወር በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የመዛወሩ ዓላማ ሰውን ከሰው መለየት መሆኑ ነው። ፒያሳም በወርቅ ቤቶቿ፣ በሲኒማ ቤቶቿና በካፌዎቿ ሌላ መምጫ ምክንያት እስክታገኝ ድረስ ዓመታት ፈጅቶባታል። በ2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በዚያ ተመርቆ፣ ብዙ አሮጌ ቤቶቿ ሲፈርሱና ነዋሪዎቿ ሲነሡ ያው ጥያቄ ዳግመኛ ተነሣ። አዲሱ ሕንፃ ጎብኚ ያመጣል፤ የዕለት ተዕለቱን ሰው የሚያመጣው ግን ምንድን ነው?

ሦስተኛው ምሳሌ መስቀል አደባባይ ነው። ይህ ሜዳ የደመራ ቦታ ነው፤ የመስቀል በዓልም በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ተብሎ የሰልፍ ሜዳ ሆኖ ነበር። ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ደም መሰል ቀይ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶች የሰበሩት በዚሁ ነው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የቀድሞ ስሙ ተመለሰለት። ስሙና ሥርዓቱ ሲለዋወጥ ግን ሜዳው ሜዳ ሆኖ ቀረ። በንጋት ሯጮች በደረጃዎቹ ላይ ይመላለሳሉ፤ በመስከረም ደመራ ይደመርበታል፤ የሩጫ ውድድርም ይነሣበታል። በ2013 ዓ.ም. ታድሶ ሲከፈት 1400 ያህል መኪና የሚይዘው ማቆሚያ ከመሬት በታች ተሠርቶ፣ ላዩ ለእግረኛ ተተወ። በሥራው ወጪና በቦታው አጠቃቀም ላይ ክርክር መነሣቱ አይካድም፤ የሁሉም የሆነ ቦታ ሁሉንም ማከራከሩ ደግሞ ግድ ነው። በምሕንድስና ረገድ ግን አንድ ቁም ነገር እናገኝበታለን፤ ይኸውም መኪናው ቦታ ያገኘው ሰውን አስነሥቶ አለመሆኑ ነው።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት እንመለስ። የኢሉባቦር ከተሞች ከመሬት በታች ማቆሚያ የሚሠሩበት ገንዘብ የላቸውም፤ አያስፈልጋቸውምም። ከነዚህ ታሪኮች የሚወሰደው ግን በአነስተኛ ገንዘብ ሊፈጸም ይችላል።

አንደኛ፣ ፕላን ከመነሣቱ በፊት ቆጠራ ይቅደም። በገበያ ቀንና በአዘቦት፣ በቡና ለቀማ ወራትና በክረምት፣ ማን በስንት ሰዓት ወደ ሜዳው እንደሚመጣ ይመዝገብ። ጉሊት የያዘችው እናት በማንኛውም ካርታ ላይ አትታይም፤ ሜዳውን በየቀኑ በሕይወት የምታቆየው ግን እርሷ ናት።

ሁለተኛ፣ ውኃ ይታሰብ። ጎሬ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች። በዚህ አገር አፈሩን በኮንክሪት ከማልበስ በፊት የጎርፍ መውረጃ ቦይ መቆፈር አለበት። አለዚያ ሜዳው የሚያፈሰው ውኃ ከታች ያሉትን ቤቶች ያጠቃል።

ሦስተኛ፣ የማይመለስ ውሳኔ በመጨረሻ ይምጣ። ድንኳን ይነሣል፤ የቆርቆሮ ዳስ ይፈርሳል፤ ለሕንፃ በሊዝ የተሰጠ መሬት ግን ወደ ሕዝብ የሚመለሰው በብዙ ችግር ነው። ገበያው የግድ መውጣት ካለበትም ሜዳው ባዶ ከመሆኑ በፊት ሌላ መምጫ ምክንያት ይዘጋጅለት። ጥላ ሰጪ ዛፍ መትከል ብቻውን ብዙ ይረዳል፤ የኦሮሞ ሕዝብ ለዘመናት የመከረው በኦዳ ጥላ ሥር መሆኑን አንርሳ።

ስለዚህ የአሮጌ አደባባይ የተሻለ ጥቅም የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ነባሩን ተጠቃሚ ሳያስወጣ አዲስ የሚጨምርበት ነው ማለት እንችላለን። ጎሬን የመንገድና የሥልጣን መዛወር አራቆታት፤ ያንን ለመግታት የሚችል ማዘጋጃ ቤት አልነበረም። ዛሬ ከከተማችን መሐል ሰው በገዛ ውሳኔያችን ቢጠፋ ግን ምክንያቱን በሌላ ልናሳብብ አንችልም።