የሚንቀሳቀሰው ሥዕልና የተሰወሩት እጆች

ሰው የተሠራውን ነገር አይቶ ይደነቃል እንጂ የሠራውን እጅ ለመጠየቅ አይቸኵልም። ቤቱን አይቶ «እንዴት ያለ ያማረ ቤት ነው» ይላል፤ ጠራቢውንና ግንበኛውን ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ይህ ዝንጋዔ እጅግ የሚበዛው በቴሌቪዥን በሚታየው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ላይ ነው። ልጆች የጀግናውን ስም፥ የውሻውን ስም፥ የጠላቱንም ስም ሳይቀር በቃላቸው ያውቃሉ፤ ያን ጀግና በእርሳስና በቀለም እየሣሉ እንዲሮጥና እንዲዘል፥ እንዲቈጣና እንዲያዝን ያደረጉትን ሰዎች ግን ወላጆቻቸው እንኳ አያውቋቸውም። ስለዚህ በአሜሪካ አገር የጀብዱ ታሪክ በእጅ እየሣሉ ለቴሌቪዥን ያዘጋጁ የነበሩት ባለሙያዎች ጥበባቸው ምን እንደ ነበረና ምን እንደ ደረሰበት በአጭሩ እንናገራለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

አስቀድሞ የሥራውን ጠባይ ማወቅ ይገባል። ሥዕል በራሱ አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀስ የሚመስለው በጥቂት በጥቂቱ የሚለያዩ ብዙ ሥዕሎች ተከታትለው በፍጥነት ሲያልፉ ነው። ፊልም በ1 ሰከንድ 24 ሥዕል ያሳልፋል። እንግዲህ 7 ደቂቃ ለሚቈይ ጨዋታ 10,080 ሥዕል ይፈለጋል፤ እያንዳንዱ ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ በካሜራ ቢነሣ እንኳ 5,040 መሣል አለበት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» እንደ ተባለ፥ ሥራው ለብዙ ሰው ተከፋፍሎ ይሠራ ነበር። አንዱ ታሪኩን ይጽፋል፤ ሌላው ታሪኩን በትንንሽ ሥዕል ከፋፍሎ በሰሌዳ ላይ ይደረድራል፤ ድምፅ የሚሰጡት ሰዎች ንግግሩን አስቀድመው ተናግረው ይቀረጻል፤ ዋናው ሠዓሊ የእንቅስቃሴውን መነሻና መድረሻ ይሥላል፤ ረዳቱ በመካከል ያለውን ይሞላል። ከዚህ በኋላ የእርሳሱ ሥዕል ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ቅጠል ላይ በብዕር ይገለበጣል፤ በቅጠሉ ጀርባ ቀለም ይቀባል፤ ተራራውና ባሕሩ በተሣለበት ወረቀት ላይ ተነጥፎ በካሜራ ይነሣል። ብርሃን አሳላፊውን ቅጠል ለዚህ ሥራ እንዲውል ያደረገው ኧርል ኸርድ የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ የፈጠራ መብት የጠየቀበትም በ1914 ነው። በዚህ ብልሃት የማይንቀሳቀሰው ተራራ በየጊዜው እንደ ገና ከመሣል ዳነ።

ዊልያም ሐናና ጆሴፍ ባርቤራ የተባሉ ሁለት ሰዎች ከ1940 ጀምሮ ለሲኒማ ቤት «ቶም እና ጄሪ» የተባለውን የድመትና የአይጥ ታሪክ ሲሠሩ ኖሩ፤ ሥራቸውም 7 የኦስካር ሽልማት አገኘ። በ1957 ግን ኤም ጂ ኤም የተባለው የፊልም ድርጅት የተንቀሳቃሽ ሥዕል ክፍሉን ዘጋ። ሁለቱም በዚያው ዓመት የራሳቸውን ድርጅት አቋቁመው ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥን መለሱ። ቴሌቪዥን የሚከፍለው ገንዘብ ከሲኒማው እጅግ ያነሰ፥ ቀጠሮውም ሳምንት በሳምንት የሚደርስ ስለ ሆነ፥ የሥዕሉን ቍጥር መቀነስ ግድ ሆነባቸው። አካሉ ጸጥ ብሎ ሳለ አፍ ብቻ፥ ወይም ራስ ብቻ፥ ወይም ክንድ ብቻ በልዩ ቅጠል እየተሣለ እንዲንቀሳቀስ አደረጉ። ዮጊ የተባለው ድብ ልብስ ሳይለብስ በአንገቱ ኮሌታና ክራቫት ማሰሩ ለቀልድ ብቻ አይደለም፤ ራሱ ከአካሉ ተለይቶ ሲሣል የመጋጠሚያው መስመር እንዲሸፈን ነው። ችግር ብልሃትን ትወልዳለች ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን ለእንስሳ ቀልድ የበቃው ብልሃት ለጀብዱ ታሪክ አልተመቸም። ድብ ቢዛነፍ የሚያውቅበት የለም፤ የሰው ፊት ግን ጥቂት ቢዛባ ያየ ሁሉ ይለየዋል። በ1959 «ክላች ካርጎ» የተባለውን የጀብዱ ታሪክ ያወጣው ካምብሪያ የተባለ ድርጅት ችግሩን በእንግዳ መንገድ ሊያመልጠው ሞከረ፤ የተሣለው ሰው ሳይንቀሳቀስ፥ የሕያው ሰው ከንፈር በፊልም ተነሥቶ በሥዕሉ ፊት ላይ እንዲገባ አደረገ። ሥራው ርካሽ ነበረ፤ ነገር ግን ሕይወት ያለው አፍ ሕይወት በሌለው ፊት ላይ ሲናገር ማየት ለዐይን የሚከብድ ነው።

ይህን ችግር በሥዕል ኀይል ሊያሸንፍ የተነሣው ዳግ ዋይልዲ ነው። ዋይልዲ በ1922 በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ተወልዶ፥ በመጽሔትና በጋዜጣ ላይ የሥዕል ታሪክ ሲሥል የኖረ ሰው ነበረ። ሐናና ባርቤራ በመጀመሪያ የጠሩት «ጃክ አርምስትሮንግ» የተባለውን የራዲዮ ታሪክ ወደ ሥዕል እንዲመልሰው ነበር፤ የታሪኩን መብት ማግኘት ስላልተቻለ ግን አዲስ ታሪክ አሰናዳ፤ ይኸውም «ጆኒ ክዌስት» ነው። ለፊተኛው ሐሳብ በሙከራ ከተሠራው ሥዕል ጥቂቱ በአዲሱ ታሪክ መዝጊያ ላይ ገብቶ እስከ ዛሬ ይታያል። ዋይልዲ የሥዕሉን ጠባይ የወሰደው ሚልተን ካኒፍን ከመሰሉ የጋዜጣ ሠዓልያን ነው፤ በፊትና በልብስ ላይ የከበደ ጥቍር ጥላ ያሳርፋል፤ ሰውን በሰውነቱ ልክ ይሥላል። የሳይንስ መጽሔቶችንም እያነበበ፥ ወደ ፊት ሊሠሩ የሚችሉትን መኪናና ጀልባ አስቀድሞ በሥዕል ያወጣ ነበር። ታሪኩ በሴፕቴምበር 18 ቀን 1964 በኤ ቢ ሲ ቴሌቪዥን በማታ ታየ፤ 26 ክፍል ከተሠራ በኋላ በ1965 ተቋረጠ፤ ወጪው ከብዶ ነበርና። በመዝጊያው ዝርዝር ላይ ለዋይልዲ የተጻፈለት ግን ሥራው በእርሱ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ብቻ ነው። ከሐሳቡ በላይ እጁን ለሰጠ ሰው ይህ ያነሰ ክፍያ ነው።

ይሁን እንጂ ውበቱን ስናመሰግን ነውሩን መሸፈን አይገባም። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሩቅ አገር ሕዝብ ብዙ ጊዜ እንደ አረመኔ ተሥሎአል። መስመሩ ያማረ መሆኑ ፍርዱ የቀና መሆኑን አያስረዳም፤ እንዲያውም ያማረ ሥዕል የተጣመመ አሳብን በልጆች ልብ ውስጥ ከክፉ ሥዕል ይልቅ አጥብቆ ይተክላል።

በዚያው ሥራ ቤት ዐሌክስ ቶት የተባለ ሠዓሊ ነበረ። ቶት በ1928 ተወለደ፤ የእርሱም ጥበብ በመጨመር ሳይሆን በመቀነስ ነበር። ሌላው ሠዓሊ በሃያ መስመር የሚያወጣውን ሰው እርሱ በአምስት ያወጣዋል። ይህም ለእጅ ሥራው ታላቅ ርዳታ ሆነ፤ በልብስ ላይ የተጨመረች አንዲት ቍልፍ በሺህ የሚቈጠር ጊዜ መሣል አለባትና። በ1966 በሲ ቢ ኤስ ለታየው «ስፔስ ጎስት» እና በ1967 ለወጣው «ዘ ሄርኩሎይድስ» የሰዎቹን መልክ የፈጠረ እርሱ ነው። ጀግናውን ከፊት፥ ከጎንና ከኋላ ሥሎ፥ ረዳቶቹ ሁሉ አንድ መልክ እንዲያወጡ የሚያስተምር ገጽ ይሰጣቸው ነበር፤ እነዚያን ገጾች ዛሬም ወጣት ሠዓልያን እንደ መማሪያ ያጠኗቸዋል። ቶት በ2006 በሥዕል ገበታው ላይ ሳለ ዐረፈ።

ከእነዚህ ስማቸው ከታወቀው ይልቅ ስማቸው ያልታወቀው ይበዛሉ። በየሥራ ቤቱ በብዕር የሚገለብጡትና ቀለም የሚቀቡት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ሥራቸው የእጅ ጽናት ብቻ አልነበረም፤ ቅጠሉ በቅጠል ላይ ሲነባበር ቀለሙ ስለሚደበዝዝ፥ አንዱን ቀይ ልብስ እንደ ተራው ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ቀለም መቀባት ነበረባቸው። ተመልካቹ ምንም ለውጥ ያላየው እነርሱ ስለ ደከሙ ነው። የተቀቡት ቅጠሎች ግን ፊልሙ ካለቀ በኋላ ብዙዎቹ እየታጠቡ ለሌላ ሥራ ዋሉ፤ ብዙዎቹም ተጣሉ።

በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ በተገደሉበት ዓመት፥ በልጆች ፊት ስለሚታየው ድብደባ በአሜሪካ ታላቅ ክርክር ተነሣ። ፔጊ ቻረን የምትባል እናት ከጓደኞቿ ጋር በዚያው ዓመት ለልጆች ቴሌቪዥን የሚሟገት ማኅበር አቋቋመች። የጀብዱ ሥዕሎች ቀስ በቀስ ከቅዳሜ ጧት መርሐ ግብር ወጡ። የእናቶቹ ስጋት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ነገር ግን ስጋቱ የጀብዱን ሥዕል ጥበብ ከአብዛኛው ሜዳው አስወጣው። በምትኩ በ1969 «ስኩቢ ዱ» የተባለው የፈሪ ውሻ ታሪክ ወጣ። የውሻውን መልክ ያወጣው ኢዋዎ ታካሞቶ ነው። ታካሞቶ በሎስ አንጀለስ ከጃፓናውያን ወላጆች ተወልዶ፥ በጦርነቱ ጊዜ ከቤተ ሰቡ ጋር በማንዛናር ሰፈር ታግቶ ነበር፤ ሥዕልንም የተማረው እዚያው ከታገቱት ባለሙያዎች ነው። በ1945 ወደ ዲዝኒ ገባ፤ በ1961 ወደ ሐናና ባርቤራ ተሻገረ። አገሩ በአጥር የከለለው ልጅ ያገሩን ልጆች ሁሉ አሳቀ።

ከዚህ በኋላ ፈተናው ከገበያ መጣ። ድርጅቶቹ የሥዕሉን ሥራ ዋጋው ወደ ቀነሰበት አገር መላክ አበዙ፤ ለምሳሌ በ1978 ጄምስ ዋንግ በታይዋን ያቋቋመው ሥራ ቤት ከሐናና ባርቤራ ጋር ይሠራ ነበር። የሎስ አንጀለስ ሠዓልያን በ1979 እና በ1982 ሥራ አቁመው ተከራከሩ፤ ጅረቱን ግን አልገቱትም። በታይፔ፥ በሴኡልና በቶኪዮ የሚሠሩት ሠዓልያንም የድካም ልጆች ናቸው፤ የእነርሱ ስም ደግሞ ከአሜሪካኖቹ ይልቅ ተሰወረ። በ1992 የወጣው አዲሱ የ«ባትማን» ታሪክ፥ የአገሩ ገጽ በጥቍር ወረቀት ላይ ተሥሎ፥ የቶትን ቍጠባና የዋይልዲን ጥላ የሚያሳስብ ሥራ ሆነ። ጥቂት ዘመን ቈይቶ ኮምፒዩተር መጣና ብርሃን አሳላፊው ቅጠል ከቴሌቪዥን ሥራ ቤት ወጣ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ድኽነት ብቻውን ጥበብን እንደማይገድል እንማራለን፤ ገንዘብና ጊዜ በጠበበበት ቦታ ዋይልዲ ጥላን፥ ቶት ቍጠባን አግኝተዋልና። ጥበብን የሚጎዳው የሠሪውን ስም ከሥራው መለየት ነው። ስሙ ያልተጻፈ ሰው ዋጋውን ሊጠይቅ አይችልም፤ ልጁም የአባቱን ወይም የእናቱን እጅ ለይቶ ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ልጆችህ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ፊት ተቀምጠው ሲስቁ፥ በመጨረሻው ላይ ፈጥኖ የሚያልፈውን የስም ዝርዝር እንዲያነቡ ንገራቸው። አንዱን ስም እንኳ ቢይዙት፥ ለደከመው እጅ የተከፈለ ዕዳ ነው።