የወይራ ጭስ እስከ ምን ይጠብቃል?

በገጠሩ ቤት ላም ከመታለቧ በፊት ዕቃው ይሰናዳል። ባለሙያዋ ሴት ቅሉን በግራዋ ቅጠል ውስጡን አሽታ ታጥባለች፣ በፍል ውሃ ታለቀልቃለች፣ ፀሐይ ላይ ደፍታ ታደርቃለች። ከዚያ የጋመ የወይራ ስንጥር ወይም ጥንጁት ጨምራ አፉን ትከድናለች፤ ጭሱ ከጠገበው በኋላ ከሰሉን አራግፋ በንጹሕ ጨርቅ ትወለውለዋለች። ብዙ ሰው ይህን ሁሉ ድካም የመዓዛ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ያየዋል። በእኔ እምነት ግን ይህ ባክቴሪያ የሚባል ነገር ሳይታወቅ የዳበረ የበሽታ መከላከያ ጥበብ ነው፤ አቅሙ ግን ወሰን አለው፤ ዛሬ የምንጎዳውም ወሰኑን ባለማወቃችን ነው።

ከእንጨቱ ጭስ የሚወጡት ፌኖልን የመሰሉ ውህዶች ከቅሉ ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ባክቴሪያ እንደ ልቡ እንዳይራባ ያደርጋሉ። የማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪው ሞገሴ አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የዕቃ መታጠን በእርጎ ላይ ያለውን ውጤት በቤተ ሙከራ ፈትሸው፣ የማይፈለጉ ተሕዋስያን ዕድገት እንደሚዘገይ አሳይተዋል። ወተቱ ሲረጋ ደግሞ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ ጉምዛዜው ለብዙ ጎጂ ተሕዋስያን አይመችም። ይሁን እንጂ የዘገየ ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም። ወተቱ እስኪጎመዝዝ ባሉት ሰዓታት ባክቴሪያው መራባት ይችላል፤ ኢ. ኮላይ ኦ157 የተባለው ዝርያ ደግሞ አሲድን በመቋቋም የታወቀ ነው።

«አያቶቻችን ጥሬ ወተት ጠጥተው ምን ሆኑ?» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይነሣል። መልሱን ለማግኘት የማልታን ታሪክ ማየት ይበጃል። በደሴቲቱ ሰዉን ለወራት ሲያመላልስ የኖረው ትኩሳት ምንጩ ሳይታወቅ ዘመናት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ1887 ዴቪድ ብሩስ የተባለው የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ባክቴሪያውን ለየ፤ በ1905 ደግሞ የማልታው ተወላጅ ቴሚስቶክሌስ ዛሚት ተሕዋሱ ጤነኛ በሚመስሉ ፍየሎች ውስጥ እንደሚኖር ደረሰበት። በማግስቱ ዓመት የፍየል ወተት ለወታደሮች እንዳይቀርብ ሲከለከል ትኩሳቱ በጦሩ ውስጥ እጅግ ቀነሰ። እስከዚያ ድረስ ግን ወተቱን የጠረጠረው እምብዛም አልነበረም። ብሩሴሎሲስ የተባለው ይህ ትኩሳት ወተቱን ከጠጡ ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ደግሞ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ታዲያ ማን ከቅሉ ጋር ያገናኘዋል? አያቶቻችንም ታመዋል፤ በሽታው ግን በሌላ ስም ይጠራ ነበር።

በዚያ ላይ ኑሮው ተለውጧል። የመታጠን ልማድ የበቀለው ቤተሰቡ የራሱን ላም አልቦ በዚያው ቀን በሚጠጣበት ወይም በሚያረጋበት ቤት ነው። በከተማ ግን የብዙ ላሞች ወተት በአንድ ዕቃ ይቀላቀላል፣ ረጅም መንገድ ይጓዛል፣ በሙቀት ይቆያል፤ አንዲት የታመመች ላም ሁሉን ትበክላለች። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የፕላስቲክ ጀሪካኑ ነገር ነው። አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ ገብቶ አያሸውም፣ ፍምም አያስገባም፤ የተፋቀው ውስጡ የትናንት ወተት ይደብቃል። አሮጌውን ጥበብ ትተን ማፍላትን ሳንተካ ቀርተናል።

ማፍላቱን የሚቃወሙ እናቶች ተጨባጭ ምክንያት አላቸው፦ የፈላ ወተት እንደ ጥሬው በራሱ ጥሩ ሆኖ አይረጋም። እውነት ነው፤ ሙቀቱ ከጎጂው ጋር አርጊውንም ባክቴሪያ ይገድላል። ግን መላ አለው። ወተቱ ገንፍሎ ከፈላ በኋላ ለብ እስኪል ይቀመጣል፤ በፈላ ወተት ከተሠራ ንጹሕ እርጎ ማንኪያ ያህል ይጨመርበታል፤ ከዚያ በታጠነው ቅል ይረጋል። የወይራው መዓዛ ሳይጠፋ እርጎው ይገኛል። ከጥሬ ወተት የሚወጣውን አይብ በተመለከተ ግን አሬራው ለብ ብሎ ብቻ ከተቋጠረ አስተማማኝ አይደለም፤ በተለይ ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ወተቱ ከመጀመሪያው መፍላት አለበት፤ ሊስተሪያ የተባለው ባክቴሪያ ጽንስ ያስወርዳልና።