የልብ ምት መሣሪያና የማግኔት ምርመራ፤ ከክልከላ ወደ ጥንቃቄ

በአምባሰል የሚገኘው የግሸን አምባ ዙሪያውን በገደል የታጠረ፣ ቅርጹም መስቀለኛ የሆነ ተራራ ነው። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ በዚያ በጥበቃ ሥር ይኖሩ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም ክብረ በዓል ምእመናን ከአገር ውስጥም ከውጭም ይወጡበታል። ከተጓዦቹ መካከል ከደረቱ ቆዳ ሥር ፔስሜከር የተቀበረለት ሰው ቢኖር፣ ዳገቱም ላይ ወድቆ አከርካሪውን ቢጎዳ፣ ኤም.አር.አይ. እንዲነሣ ይፈቀድለታልን? የዚህ ጥያቄ መልስ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ተለውጧል፤ የተለወጠበትም መንገድ ለሙያ ባልደረቦቻችን ትምህርት አለው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሰው አካል ውስጥ የተቀበረውን የመጀመሪያውን ፔስሜከር የሠራው ኢንጂነር ሩነ ኤልምክቪስት ሲሆን፣ በ1958 በስቶክሆልም፣ በካሮሊንስካ፣ ለአርነ ላርሶን የተከለው ሐኪም ኦከ ሴኒንግ ነው። መሣሪያው በሰዓታት ውስጥ ሥራውን ቢያቆምም፣ ታማሚው በተተኪ መሣሪያዎች እየታገዘ እስከ 2001 ኖሯል። ፖል ላውተርበር ደግሞ በማግኔት ኃይል የተገኘ ምስል በ1973 አሳተመ፤ በ1980ዎቹም ኤም.አር.አይ. ወደ ሆስፒታሎች ገባ። ሁለቱ ግኝቶች በአንድ ሕመምተኛ አካል ላይ ሲገናኙ ግን ተጋጩ።

የግጭቱ ምክንያት ግልጽ ነው። የተለመደው የ1.5 ቴስላ ማግኔት ከምድር ማግኔታዊ ኃይል ከ30,000 ጊዜ በላይ ይበረታል። በቀድሞዎቹ ፔስሜከሮች ውስጥ የነበረው በማግኔት የሚሠራ ትንሽ ማብሪያ በዚህ ኃይል ሥር ጠባዩ አይታወቅም ነበር። የሬዲዮ ሞገዱ እስከ ልብ የሚዘልቀውን ሽቦ ጫፍ በማሞቅ የልብን ጡንቻ ሊያቃጥል ይችላል። ከዚህም በላይ መሣሪያው የውጭውን ምልክት የልብ ምት መስሎት ሥራውን ሊያቋርጥ ይችላል። የሞት አደጋዎችም በመመዝገባቸው፣ ፔስሜከር ያለው ሰው ወደ ማግኔቱ ክፍል እንዳይገባ ተከለከለ።

ክልከላው በጊዜው ተገቢ ነበር፤ ሆኖም ዋጋ አስከፍሏል። ፔስሜከር የሚቀበርላቸው በብዛት አረጋውያን በመሆናቸው፣ የአንጎልና የአከርካሪ ምስል በእጅጉ የሚያስፈልጋቸውም እነርሱ ነበሩ።

በ2011 በኤም.አር.አይ. ውስጥ እንዲያገለግል ተብሎ የተሠራው የመጀመሪያው ፔስሜከር በአሜሪካ ተፈቀደ። በ2017 ደግሞ ማግናሴፍ የተባለው ጥናት ለዚህ ምርመራ ያልተሠሩ መሣሪያዎችን የያዙ ሕመምተኞችን ውጤት አሳተመ። ደረትን ሳይጨምር በ1.5 ቴስላ ከተካሄዱት 1,500 ምርመራዎች መካከል 1,000ው ፔስሜከር፣ 500ው ደግሞ ልብን በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚያድን መሣሪያ ባላቸው ሰዎች ላይ ነበሩ። በምርመራው ወቅት የሞተ ሰው አልነበረም፤ የተበላሸ ሽቦም አልተገኘም። አንድ መሣሪያ ብቻ ወዲያው መለወጥ ግድ ሆነበት፤ እርሱም ከምርመራው በፊት በደንቡ መሠረት ሳይስተካከል የቀረው ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው በዚህች አንዲት ጉድለት ውስጥ ይገኛል። ለሕመምተኛው መዳን ዋስትና የሆነው የመሣሪያውን ዓይነት፣ የተተከለበትን ጊዜና በአካል ውስጥ የቀረ አሮጌ ሽቦ መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ፣ መሣሪያውን ማስተካከል፣ በምርመራው ጊዜ የልብን ምት መከታተል፣ በመጨረሻም ወደ ቀድሞ ሥራው መመለስ ነው። ስለዚህ ፔስሜከር የያዘ ሰው የመሣሪያውን ካርድ ከኪሱ እንዳያጣ እንምከረው፤ እኛም በማግኔቱ ክፍል ደጃፍ ካርዱን ሳናነብ አንለፍ። ከግሸን ዳገት ወድቆ ለመጣው መንገደኛ፣ የምርመራው በር መከፈትና መዘጋት በዚያች ትንሽ ወረቀት ላይ ሊመሠረት ይችላልና።