«ፀረ ማርያም» የሚለው ስም፣ ካቶሊኮቹና የጎንደር ሥዕል



እኔ ያደግሁት እብናት ነው። ቤጌምድር ከላስታ በሚገናኝበት አቅጣጫ ያለ አገር ነውና፣ የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ጦርነት በሽማግሌዎች አፍ ገና አልበረደም ነበር። ካቶሊኮቹ የሚጠሩት በአንድ ስም ነው፤ «ፀረ ማርያም»። ዛሬ ይኸው ስም ከተማሪዎቼ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ እንደ ታሪክ ማስረጃ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ስሙን መመርመር ግድ የሆነብኝ ስለዚህ ነው። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በ431 የኤፌሶን ጉባኤ ንስጥሮስን አውግዞ የማርያምን ወላዲተ አምላክነት ሲያጸና ሮምና እስክንድርያ ገና አልተለያዩም። የለያያቸው ከ20 ዓመት በኋላ በኬልቄዶን የተነሣው የክርስቶስ ባሕርይ ጉዳይ ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን የማርያም ፍቅር ድንበሩን ይሻገር ነበር። ተአምረ ማርያም ብለን የምናነበው መጽሐፍ መነሻው በምዕራብ አውሮፓ የተሰበሰቡ ታሪኮች ናቸው፤ በዐረብኛ በኩል አልፈው ወደ ግእዝ ተመለሱ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) መጽሐፉ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ፣ የማርያምም በዓላት እንዲከበሩ በጥብቅ አዘዘ። በዚሁ ዘመን የማርያም ጠላቶች ተብለው የተከሰሱትና የተሰደዱት ፈረንጆች አልነበሩም። ለሥዕሏና ለመስቀል አንሰግድም ያሉ የአገር ተወላጅ መነኮሳት፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ ነበሩ። ክሱ እንግዲህ ከኢየሱሳውያን መምጣት በፊት እዚሁ ነበረ።

ኢየሱሳውያኑስ? ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ገብቶ ቋንቋውን ተማረ፤ በትዕግሥትም ንጉሡን አሳመነ። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ትዕግሥት አልነበረውም። ሕዝቡ ዳግመኛ ይጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግመኛ ይሾሙ፣ ግዝረትና የቅዳሜ ሰንበት ይቅር፣ የበዓላትና የአጽዋማት አቆጣጠር ይለወጥ አለ። ገበሬውን ከላስታው መልክዐ ክርስቶስ ጋር ያሰለፈው ይህ ነው። አባቱ ያልተጠመቀ፣ ንስሓ አባቱ ያልተካነ ተብሎ የተነገረው ሰው ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። በ1632 ወይና ደጋ ላይ የራሱን ሕዝብ ደም ያፈሰሰው ሱስንዮስ ድል ቢያደርግም ሃይማኖቱን መለሰ፤ ዙፋኑንም ለፋሲለደስ ለቀቀ። በዚያ ሁሉ የክስ ዝርዝር ውስጥ የወላዲተ አምላክን ክብር መካድ የሚባል የለበትም፤ ሊኖርበትም አይችልም ነበር።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። ዛሬ ስለ እመቤታችን ጥንተ አብሶ በሚደረገው ክርክር አንዳንዶች «ይህ ኢየሱሳውያን ያስገቡት ነው» ይላሉ። ሮም ማርያም ያለ አዳም ኃጢአት ተፀነሰች የሚለውን የሃይማኖት ድንጋጌ ያደረገችው በፒዮስ 9ኛ ዘመን፣ በ1854 ነው። በሱስንዮስ ጊዜ የካቶሊክ ሊቃውንት ራሳቸው ገና ይከራከሩበት ነበር። ስለዚህ እንዲህ የሚል ሰው የዘመኑን ጽሑፍ ማሳየት ይጠበቅበታል።

ኢየሱሳውያኑ በእርግጥ የተዉልንን ለማየት ወደ ሥዕል እንሂድ። ሮም ካለችው የታላቋ ማርያም ባሲሊካ፣ ከኤፌሶን ጉባኤ በኋላ ከታነጸችው፣ አንድ ጥንታዊ ሥዕል አለ፦ ሁለት እጇን አጣምራ፣ መሐረብ ይዛ፣ ልጇን የታቀፈች እናት። የማኅበሩ አለቃ ፍራንሲስኮ ቦርጃ በ1569 ሥዕሉን አስገልብጦ ሚስዮናውያኑ በየአገሩ እንዲያዳርሱት አደረገ። እኛም ዘንድ ደረሰ። ካህናቱ ተባረሩ፤ ሥዕሉ ቀረ። የጎንደር ሠዓልያን የእጆቹን አቀማመጥና መሐረቡን ሳይለውጡ ወሰዱ፤ ከግራና ከቀኝ ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስመዝዘው አቆሙ፤ «ምስለ ፍቁር ወልዳ» ብለውም ሰየሙት። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በጣና ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ራሷን ያሣለችው ከማርያም እግር ሥር በግንባሯ ተደፍታ ነው።