ትይዩ የንግድ መረጃ፦ አንድ ግንድ በሁለት መዝገብ

ከሞዛምቢክ ቤይራ ወደብ ተጭኖ ቻይና የሚራገፍ ግንድ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፤ አንዴ በላኪው ጉምሩክ፣ አንዴ በተቀባዩ። እነዚህን መዝገቦች ፊት ለፊት አቁሞ ማመሳከሩን የንግድ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በመስታወት ስም ይጠሩታል። በአማርኛ «ትይዩ የንግድ መረጃ» ብንለው ይሻላል፤ መስታወት ያየውን እንዳለ ይመልሳል፣ ሁለቱ መዝገቦች ግን እምብዛም አይገጥሙም።

አለመግጠማቸው ብቻውን የማንም ጥፋት አይደለም። አንድ ኮንቴይነር ጣውላ ቤይራ ላይ 40,000 ዶላር ቢያወጣ፣ ላኪዋ አገር የምትመዘግበው ይህንኑ ነው፤ ኤፍኦቢ ይባላል። የመርከብ ኪራይና መድን 4,000 ዶላር ቢሆን ተቀባይዋ 44,000 ትመዘግባለች፤ ይህ ሲአይኤፍ ነው። ማንም ሳይዋሽ የ10 በመቶ ልዩነት ተፈጠረ። መርከቧ በዲሴምበር ተነሥታ በጃንዋሪ ብትደርስ ደግሞ ያው ጭነት በሁለት የተለያዩ ዓመታት ይገባል።

ከዚያ የመነሻና የመድረሻ ጉዳይ አለ። የመተማ እጣን ዱባይ ላለ ነጋዴ ተሽጦ እሱ ወደ ጀርመን ቢያሳልፈው፣ የእኛ መዝገብ ገዢዋ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ናት ሊል ይችላል፤ ጀርመን ግን የምርቱን መገኛ ስለምትከተል ኢትዮጵያ ብላ ትጽፋለች። እጣኑም ቢሆን በዓለም አቀፉ የጉምሩክ መደብ የሚገኘው በምዕራፍ 13 ነው። የደን ውጤት ማለት የእንጨቱ ምዕራፍ 44 ብቻ ነው ብሎ የተነሣ ሰው የኢትዮጵያን እጣን ጨርሶ አያየውም።

ስለዚህ በእኔ እምነት የሁለት አገሮችን የደን ንግድ በዶላር ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል። መጠኑም አብሮ መታየት አለበት፤ የመርከብ ኪራይ ዋጋን እንጂ ሜትር ኩብን አይጨምርም። የሞዛምቢክን ሕገ ወጥ የእንጨት ንግድ ያጋለጠው ይኸው የመጠን ንጽጽር ነው። መቀመጫው ለንደን የሆነው የአካባቢ ምርመራ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሪፖርት የ2012ን መዛግብት አመሳከረ። ሞዛምቢክ ለዓለም ሁሉ ላክሁት ያለችው ግንድና ጣውላ 260 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ ሲሆን፣ ቻይና ብቻዋን ከሞዛምቢክ ገባ ያለችው 450 ሺህ ገደማ ነበር። እንዲህ ያለውን ክፍተት ኪራይም፣ መድንም፣ የመርከብ መዘግየትም አይሞሉትም። መንግሥት ያልቀረጠው፣ የደን ጠባቂ ያልቆጠረው እንጨት ባሕር ተሻግሯል ማለት ነው። ኪሳራው የወደቀው ደግሞ ከትምህርትና ከጤና በጀቷ አንድም ሳንቲም ሊጎድልባት በማይገባ አገር ላይ ነው።

ላኪው ጭነቱን አሳንሶ ለማስመዝገብ ምክንያት አለው፤ ከቀረጥና አንዳንድ የዛፍ ዝርያዎች እንዳይላኩ ከሚያግድ ክልከላ ያመልጣል። ተቀባዩ ዘንድ ያ ምክንያት ብዙ ጊዜ የለም። የተቀባዩን መዝገብ ፍጹም ነው ባልልም፣ ለሕገ ወጥ ጭነት የተሻለ ምስክር የሚሆነው በዚህ ነው።

ሞዛምቢክ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ያልተሰነጠቀ ግንድ ከአገር እንዳይወጣ በሕግ ከለከለች። ክልከላው ከጸና በኋላም የቻይና ጉምሩክ ከሞዛምቢክ የገባ ግንድ መመዝገቡን ቀጥሏል።