የጋልቨስተን የገና ገበያና በጎ ፈቃደኞቹ

ጋልቨስተን ከቴክሳስ ጠረፍ ፊት ለፊት፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ በተዘረጋች ቀጭን ደሴት ላይ የተቆረቆረች የወደብ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ከአሜሪካ ታላላቅ የጥጥ መላኪያ ወደቦች አንዷ ነበረች። ባንኮቿና የጅምላ ነጋዴዎቿ መጋዘኖች የተሰለፉት ከወደቡ አጠገብ በሚያልፈው የስትራንድ ጎዳና ላይ ነው። ባለሀብቶቹ የሕንጻዎቻቸውን ፊት በጡብና በቅርጽ በተሠራ ብረት ያስጌጡ ስለነበር፣ ጎዳናው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የነበረውን የሥነ ሕንጻ ስልት በጉልህ ያሳያል።

ይህ ብልጽግና የተገታው በአንድ ሌሊት ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 1900 በደሴቲቱ ላይ የወረደው አውሎ ነፋስ ቢያንስ 6,000 ሰዎችን ገደለ፤ በአሜሪካ ታሪክ ያን ያህል ሕይወት ያጠፋ የተፈጥሮ አደጋ የለም። ነዋሪዎቹ ባሕሩን የሚገታ ግንብ ሠሩ፤ የከተማዋንም መሬት በአሸዋ ሞልተው ከፍ አደረጉ። ንግዱ ግን ወደ ሂዩስተን ማድላቱ አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ1914 የተከፈተው የሂዩስተን የመርከብ ቦይ ደግሞ ጥጡን ይዞት ሄደ። የስትራንድ ሕንጻዎች እስከ ዛሬ የመቆማቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ድቀት ነው። አፍርሶ አዲስ የሚገነባ ገንዘብ ያለው ሰው በብዛት አልነበረምና አሮጌዎቹ ባሉበት ቀሩ። ገሚሶቹ ዕቃ ማከማቻ ሆኑ፣ ሌሎቹ ባዶ ቀሩ።

ጎዳናውን ለማዳን የተነሣው የጋልቨስተን የታሪክ ፋውንዴሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ፒተር ብሪንክን በሥራ አስኪያጅነት ቀጠረ፤ ከከተማዋ የበጎ አድራጎት ተቋማት ባገኘው ገንዘብም ተዘዋዋሪ ፈንድ አቋቋመ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ሊፈርስ የተቃረበ ሕንጻ ይገዛል፤ ከዚያም ሕንጻውን ሊያድስ በውል ለሚገባ ሰው ይሸጣል፤ የሽያጩ ገንዘብ ወደ ፈንዱ ተመልሶ ሌላ ሕንጻ ይገዛበታል። ከገዢዎቹ ሁሉ የሚልቁት የጋልቨስተን ተወላጁ ጆርጅ ሚቼልና ባለቤታቸው ሲንቲያ ሲሆኑ፣ በርካታ ሕንጻዎችን አሳድሰዋል።

ይሁንና ሰው የማይረግጠው ጎዳና ገዢ አያገኝም። የገና ገበያው የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። በዚያው በ1973 የፋውንዴሽኑ ደጋፊዎች ከየቤታቸው ምግብ ይዘው በስትራንድ ላይ አነስተኛ ግብዣ አደረጉ። የግብዣው መንፈስ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1843 የታተመውን ዝነኛ የገና ታሪክ ከጻፈው ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከቻርልስ ዲከንስ ነው። ምርጫው የታሰበበት ነበር። ሕንጻዎቹ የዲከንስ ዘመን ጠረን አላቸው፤ ለንደንም ስትራንድ የሚባል ጎዳና አላት። ግብዣው እየሰፋ ሄዶ በየዓመቱ በዲሴምበር መጀመሪያ ቅዳሜና እሑድ የሚካሄድ፣ «ዲከንስ በስትራንድ» የተባለ ታላቅ የጎዳና ገበያ ሆነ። የደራሲው ዘሮችም በእንግድነት ተገኝተውበታል።

ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው በአብዛኛው ያለ ደመወዝ የሚያገለግል ሰው ነው። በጎ ፈቃደኞች በመግቢያዎቹ ቆመው ትኬት ይቀበላሉ፤ እንግዳ ይመራሉ፤ መጠጥ ይሸጣሉ። ሌሎች ረጅም ቀሚስና ካባ ለብሰው፣ ቆብ ደፍተው በንግሥት ቪክቶሪያ ስም ከሚደረገው ሰልፍ ጋር ይጓዛሉ። ብዙ ጊዜ ፎቶግራፍ የሚነሡት እነዚህኞቹ ናቸው፤ የገበያው ምሰሶ ግን በሩ ላይ የሚቆመው ነው። የመግቢያው ገቢ ለቅርስ ጥበቃው ሥራ ስለሚውል፣ በአንድ ፈረቃ በር ላይ የቆመ ሰው ለአሮጌ ሕንጻ ጣሪያ የድርሻውን አዋጥቷል ማለት ነው። ሥራው እንደ ደቦ ነው፤ ልዩነቱ የሚሰበሰበው አዝመራ የሁሉም መሆኑ ነው። የዘመኑን አለባበስ ለብሶ የመጣ ጎብኚም በግማሽ ዋጋ ስለሚገባ፣ ታዳሚው ራሱ የትርኢቱ አካል ይሆናል።

ይህ የበጎ ፈቃድ ልማድ ከገበያው ውጭም ፍሬ አፍርቷል። እ.ኤ.አ. በ1877 በስኮትላንድ አበርዲን የተሠራችው ኤሊሳ የተባለች ባለ ሸራ መርከብ ወደ ጋልቨስተን ተወስዳ የታደሰችው በዚሁ ፋውንዴሽን አማካይነት ነው። ሲንከባከቧት የኖሩትም፣ ባሕር ላይ ስትወጣ ሸራዋን የሚዘረጉትም ሠልጥነው የተዘጋጁ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 2008 አይክ የተባለው አውሎ ነፋስ ስትራንድን በጨው ውኃ አጥለቀለቀው። ሱቆች ተዘጉ፤ የብዙ በጎ ፈቃደኞች መኖሪያም ተጎዳ። የራሱ ቤት ያልደረቀለት ሰው ለገበያ በር ይቆማል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነበር። ያም ሆኖ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር፣ የገና ገበያው በስትራንድ ላይ ተካሄደ።